የሚሟሸው ምጣድ ብቻ አይደለም

ባለፈው እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። «ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ፋኖስ ነው?» ያላችሁኝም አላችሁ፤ ይቅር ብያችኋለሁ። ፋኖስ አይደለም። ፕሪአምፕሊፋየር ይባላል፣ ባጭሩ ፕሪአምፕ እንበለው። ውስጡ ትራንዚስተር የሚባል ነገር የለበትም። ድምፁን የሚያጎሉት እነዚያ ከላይ ብርቱካናማ ሆነው የምታዩዋቸው 4 የመስታወት ቲዩቦች ናቸው።

በእጁ የሠራው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን ጀርመን አገር ይኖራል። ስሜን እንዳትጠሩ ስላለኝ አልጠራውም፤ አብራችሁት የተማራችሁ ግን ታውቁታላችሁ፣ የላብራቶሪውን መልቲሜትር ፈታትቶ መልሶ የገጠመው ልጅ ነው። የብርዱን ወራት በሙሉ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ሽቦ ከሽቦ እያያያዘ ጨረሰውና ለፋሲካ ሲመጣ በሹራብ ጠቅልሎ በሻንጣው አመጣልኝ። ሲሰጠኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበረው፦ «ቲቸር፣ 100 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይፈርዱበት። መጀመሪያ መሟሸት አለበት።»

መሟሸት! እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከእናቴ ማድቤት ነው። አዲስ ምጣድ ሲገዛ በጎመን ዘር እየታሸ፣ እሳት እየተመጠነለት ይሟሻል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ ያስቀራል። ጀበናም እንዲሁ ነው። ግን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እንዴት ይሟሻል? ስልክ ገዝቶ ያሟሸ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ከነከነኝና ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከፕሪአምፑ በብዙ ይበልጣል፤ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ይወስዳል። ጽሑፉ ስለሚረዝም ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሚሠራ። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ ከሸክላው ላይ የሚያነሳው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ነው፤ ወደ 5 ሚሊቮልት፣ ማለትም የአንድ ቮልት 5 ሺሕኛ ቢሆን ነው። ይህን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ትልቁ ማጉያ ብትሄዱ ምንም አትሰሙም። ፕሪአምፕ መሐል ገብቶ ያንን ደካማ ምልክት እስከ 1 ቮልት ገደማ ያሳድገዋል፣ ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ ያስተካክለዋል፣ ከዚያ ያስረክበዋል። በነገራችን ላይ፣ የእኛ ሰው ምጣዱንም ሸክላ፣ የዘፈኑንም ዕቃ ሸክላ ማለቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ቲዩቡስ ከየት መጣ? ከአምፖል ነው የመጣው። አዎ፣ ቤታችን ከሚበራው ተራ አምፖል። ቶማስ ኤዲሰን በ1880ዎቹ መጀመሪያ አንድ ችግር ነበረበት፤ አምፖሎቹ ከቆዩ በኋላ መስታወታቸው ከውስጥ እየጠቆረ አስቸገረው። ምክንያቱን ለማወቅ ከሚግለው ቀጭን ሽቦ አጠገብ ሌላ የብረት ሰሌዳ አስገባበት። ታዲያ ሰሌዳው ፖዘቲቭ ሲደረግ በባዶው መሐል ኤሌክትሪክ አለፈ። ሽቦና ሰሌዳው እኮ አይነካኩም! ኤዲሰን በ1883 የፈጠራ ማመልከቻ አስገባበትና ጥሎት ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ የታወቀው ከዚያ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1897 በጄ ጄ ቶምሰን ስለሆነ አይፈረድበትም። ከእኔ ጋር 10ኛ ክፍል የተማራችሁ «ቴርሚዮኒክ ኢሚሽን» እያልኩ ያሰለቸኋችሁ ነገር ይኸው ነው፤ ብረት ሲግል ኤሌክትሮን ይረጫል።

በ1904 ለንደን ላይ የማርኮኒ ኩባንያ አማካሪ የነበረው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ያንን የተረሳ አምፖል ከመደርደሪያ አወረደው። ኤሌክትሪኩ ከጋለው ወደ ቀዝቃዛው እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ውሃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ቫልቭ ነው ማለት ነው፣ ስለዚህ «ቫልቭ» አለው። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ቫልቭ ይሉታል፣ አሜሪካኖች ደግሞ ቲዩብ። ከዚያ በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በሁለቱ መሐል የተጣመመ ቀጭን ሽቦ ጨመረና ነገሩን ሁሉ ለወጠው። ይህ ሦስተኛው ሽቦ፣ ግሪድ የሚባለው፣ እንደ ወንፊት ነው። ትንሽ ኔጌቲቭ ሲደረግ ኤሌክትሮኖቹን ይገታል፣ ሲለቀቅ ያሳልፋል። በግሪዱ ላይ የምታደርጉት ጥቂት ለውጥ በሰሌዳው ላይ ትልቅ ለውጥ ሆኖ ይወጣል። ማጉላት ማለት ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

የሚገርመው፣ ዲ ፎረስት ራሱ የሠራው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በትክክል አልገባውም ነበር። ውስጡ ጥቂት ጋዝ መቅረት አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፣ ጋዙ በወጣ ቁጥር ይሻላል። ይህን ያስተካከሉት የስልክ ኩባንያው ሃሮልድ አርኖልድና የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ኧርቪንግ ላንግሚር ናቸው። ከዚያ በኋላ ቲዩብ ሥራ ገባ። በጥር 1915 ከኒው ዮርክ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ የስልክ መስመር ሲመረቅ፣ በመንገዱ ላይ እየደከመ የሚመጣውን ድምፅ እየተቀበሉ የሚያድሱት ቲዩቦች ነበሩ። አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በመጀመሪያው ስልክ ላይ «ወዲህ ና» ብሎ ጠርቶት የነበረውን ረዳቱን ዋትሰንን ያን ቀን ከኒው ዮርክ ሆኖ በዚያው ቃል ጠራው። ዋትሰንም ከሳን ፍራንሲስኮ አሁን ለመምጣት አንድ ሳምንት ይፈጅብኛል ብሎ መለሰለት።

እኛም ጋ ታሪክ አለው። በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ለውጭው ዓለም የተናገሩት በቲዩብ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሌላ መንገድ አልነበረም። የፈረንጅ ሰዎችም ንግግሩን የሰሙት በባለ ቲዩብ ሬዲዮ ነው። አያት ያላችሁ ጠይቁ፤ የድሮ ሬዲዮ ተከፍቶ ወዲያው አይናገርም፣ እስኪሞቅ ተቀምጦ ይጠበቃል። ዜና የሚሰማ ሰው ከሰዓቱ ቀድሞ ነው የሚከፍተው። ያ የሚሞቀው ነገር ካቶዱ ነበር።

ፕሪአምፕን ራሱን የቻለ ዕቃ ያደረገው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሸክላ አሳታሚዎች ባሱን ምን ያህል ቀንሰው፣ ቀጭኑን ምን ያህል ጨምረው እንደሚቀርጹ አልተስማሙም ነበር። ሁሉም የራሱ ልክ አለው። አንዱን ሸክላ በሌላው ልክ ካጫወታችሁት ወይ ይጎረናል ወይ ይጮሃል። ኒው ዮርክ የሚኖር ሶል ማራንትዝ የሚባል የግራፊክስ ባለሙያ በዚህ ተማረረና ለየአሳታሚው ልክ ማስተካከያ ያለው ፕሪአምፕ በገዛ ቤቱ ሠራ። መሐንዲስ አልነበረም፤ ሙዚቃ ወዳድ ነበር። ጓደኞቹ እኛም እንፈልጋለን አሉት፣ በ1953 ኩባንያ አቋቋመ፣ ዛሬም ስሙ በዕቃ ላይ አለ። በ1954 የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች በአንድ ልክ ተስማሙ። የእኔ ተማሪ ጀርመን ቁጭ ብሎ ያደረገው ሶል ማራንትዝ በቤቱ ካደረገው ብዙም አይለይም።

በእኔ ፕሪአምፕ ላይ ያሉት ቲዩቦች ሁለቱ ኢሲሲ 83፣ ሁለቱ ኢሲሲ 82 ይባላሉ። የመጀመሪያውን አሜሪካኖች 12 ኤ ኤክስ 7 ይሉታል፤ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ በ1947 ያወጣው ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቤል ላብስ ውስጥ ባርዲንና ብራተይን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር አሠሩ። አስቡት፣ ቲዩቡ በተወለደበት ዓመት ገዳዩ ተወለደ! በ1960ዎቹና 70ዎቹ ትራንዚስተር ሬዲዮውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ኮምፒዩተሩን ጠራርጎ ወሰደ። እኛም ገጠር ድረስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያየነው በእሱ ነው። 12 ኤ ኤክስ 7 ግን አልሞተም፤ ጊታር ተጫዋቾችና እንደ ተማሪዬ ያሉ ሰዎች አልለቀቁትም። ዛሬም በሩሲያዋ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያዋ ቻድሳና በቻይና ይመረታል። እውነቱን ለመናገር በመለኪያ ካየነው ጥሩ ትራንዚስተር ይበልጠዋል፤ ሹክሹክታው ያነሰ ነው፣ መብራት አይበላም፣ አይሰበርም። ቲዩብን የምወደው ስለሚበልጥ አይደለም። ሲሠራ ስለሚታይ ነው።

አሁን ወደ ማሟሸቱ።

የቲዩብ እውነተኛ ማሟሸት የሚካሄደው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ሥርዓቱም ከምጣድ አይተናነስም። ካቶዱ የሚቀባ ቅባት አለው። ጀርመናዊው አርተር ቬኔልት በ1904 ገደማ እንዳገኘው፣ ባሪየምንና መሰሎቹን ኦክሳይዶች የተቀባ ብረት እንደ አምፖል ነጭ እስኪሆን ሳይግል፣ ገና ፍም መስሎ ሳለ ኤሌክትሮን ይረጫል። ችግሩ ባሪየም ኦክሳይድ አየር ላይ አይቀመጥም፤ እርጥበት ይበላዋል። ስለዚህ የሚቀባው ካርቦኔት ሆኖ ነው። ቲዩቡ ተዘግቶ አየሩ በፓምፕ እየተሳበ ሳለ ካቶዱን ያግሉታል፤ ካርቦኔቱ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይተፋና ኦክሳይድ ይሆናል። ቀጥሎ ከረንት እየሳቡ ያነቁታል፤ ጥቂት ንጹሕ ባሪየም ወደ ገጹ ይወጣል፣ ኤሌክትሮን የሚረጨውም በዚያ ኃይል ነው። ከዚያ ቲዩቡ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የባሪየም ቁራጭ አግለው ያተኗታል፤ እሷም መስታወቱ ላይ እንደ መስተዋት ሆና ትለጠፋለች። በፎቶው ላይ አናቱ ላይ የምታዩት ብርማ ነገር እሷ ናት። ሥራዋ የቀረውን ጋዝ እየበላች መኖር ነው። ያገለገለ ቲዩብ የምትገዙ ካላችሁ መጀመሪያ እሷን እዩ፤ ብርማነቷ ጠፍቶ ወተት ከመሰለች አየር ገብቷል፣ ቲዩቡ ሞቷል ማለት ነው። ሻጩ የሚላችሁን አትስሙ።

በመጨረሻ ቲዩቡ አብርተው ለሰዓታት ያቆዩታል። በዚህ ጊዜ ደካማው ይለያል፣ የቀረው ይረጋጋል። የዚህን ሥራ ዳር ያየው ደግሞ የባሕር ውስጥ ስልክ ነው። በ1956 ከስኮትላንድ እስከ ካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ በአትላንቲክ ወለል ላይ የስልክ ኬብል ተዘረጋ። አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ ሁለት ኬብል ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 51 ማጉያ፣ በእያንዳንዱ ማጉያ ውስጥ 3 ቲዩብ አለ። አንዱ ቢቃጠል 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚጠልቅ ባሕር ማን ሊያወጣው ነው? ስለዚህ እያንዳንዷን ቲዩብ በሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት አብርተው፣ እየለኩ፣ ትንሽ እንኳ ያወላወለችውን እየጣሉ መረጡ። ኬብሉ እስከ 1978 ድረስ ሠራ። 22 ዓመት ሙሉ፣ በጨለማ ባሕር ውስጥ፣ ሳይጠፋ። እኔ ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ትንሽ ተመላለስኩ።

እንግዲህ ቤት የሚደረገው 100 ሰዓትስ? አንዳንዶች 200 ይላሉ፣ 500 የሚሉም አሉ። ሰዓት ሲጨምር ባሱ ይወፍራል፣ ዘፋኙ ወደ ፊት ይመጣል ይባላል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ደብተር አወጣሁ። ተማሪዬ የካቶዱን ቮልቴጅ የምለካባቸው ሁለት ነጥቦች ወደ ውጭ አውጥቶልኛል። (ክዳን ከፍታችሁ እንዳትሞክሩ! ውስጡ 250 ቮልት አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ይህን ቀልድ አታድርጉት።) ማታ ማታ መብራት ባለ ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት እያበራሁ መዘገብኩ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁጥሩ በጥቂቱ ተንቀሳቀሰ፤ በግራ በኩል የነበረው ሹክሹክታም ቀነሰ። 20 ሰዓት አካባቢ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ እስከ 100 ንቅንቅ አላለም።

ጆሮዬ ግን ሌላ ነው ያለኝ። ከሳምንት ሳምንት ድምፁ እየጣመኝ ሄደ። 100 ሲሞላ ልፈትነው ፈለግሁ። ተማሪዬ ከአንድ ፋብሪካ የሆኑ መለዋወጫ ቲዩቦች ጨምሮልኝ ነበር፤ ገና ከካርቶናቸው ያልወጡ። የትምህርት ቤታችንን የሙዚቃ መምህር ጠራሁት፣ ጆሮው ከእኔ አሥር እጥፍ ይሻላል፣ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቀመጥ አደረግሁ። አንዴ የተሟሹትን፣ አንዴ አዲሶቹን እየቀያየርኩ ያንኑ ሸክላ አጫወትኩለት። 4 ጊዜ ሞከርን፣ 2 ጊዜ አገኘ። ሳንቲም ወርውሮም ቢሆን ያንኑ ያህል ባገኘ። እርግጥ ለመቀየር ማጥፋት፣ ማቀዝቀዝ፣ መልሶ ማሞቅ ስላለ በየመሐሉ ሩብ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያልፋል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ድምፅ ይዞ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ክርክሩን ዘጋሁ አልልም። የእኔ ግምት ግን ይህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት የቲዩቡ ናቸው፣ የቀሩት 80 የጆሮዬ ናቸው። የተሟሸሁት እኔ ነኝ። ለተማሪዬ ይህን ብጽፍለት «ታዲያ ሠርቷል ማለት ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ምን ይባላል?

በነዚህ ሁለት ወራት ከማሟሸት በላይ ያሳሰበኝ መብራቱ ነው። ሰፈራችን መብራት በማታ ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ የሚመጣበት ቀን አለ። ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ቮልቴጁ ዘሎ ነው የሚመጣው። ለቲዩብ ከዚህ የከፋ ጠላት የለም። ቀዝቃዛ ሽቦ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ዝቅተኛ ስለሆነ ሲበራ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከልኩ በላይ ከረንት ይጎትታል። ብረቱ ይለጠጣል፣ መስታወቱ ይለጠጣል፣ ሲጠፋ ሁሉም ይሸማቀቃል። አምፖል የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ ማብሪያውን ስትጫኑ አይደል? እኔ እስታብላይዘር አስገባሁለት፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ እነቅለውና ከመጣ በኋላ አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ማብራትና ማጥፋት ነው ቲዩብን የሚገድለው፣ መሥራት አይደለም። ይቺ ነገር ቀላል ትመስላለች። አንድ ሰው ግን ይቺን ነገር ቀድሞ ስላወቀ በዓለም ጦርነት ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የዚህን ሁሉ ጽሑፍ የጻፍኩት ስለ እሱ ልነግራችሁ ነው።

ቶሚ ፍላወርስ ይባላል። በ1905 በምሥራቅ ለንደን፣ ፖፕላር በሚባል የሠራተኞች ሰፈር ተወለደ። አባቱ ግንበኛ ነው። ልጁ ቀን በመሣሪያ ፋብሪካ ሙያ እየለመደ፣ ማታ እየተማረ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነ። በዲፕሎማ ቀን እያስተማራችሁ በክረምት ዲግሪ የምታሳድዱ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህ ሰው የእናንተ ነው። ፖስታ ቤት ተቀጠረ፤ በእንግሊዝ አገር ስልኩም የፖስታ ቤት ነበር። ዶሊስ ሂል በተባለው የምርምር ጣቢያቸው ውስጥ በ1930ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ቫልቮች ያሉበት የስልክ መቀያየሪያ ሠራ። የስልክ መሥሪያ ቤት ሌትና ቀን አይጠፋም። ፍላወርስ እዚያ ያየውን ሌላ ሰው አላየውም፤ ቫልቮች አንዴ በርተው ካልተነኩና ካልጠፉ ዓመታት ይቆያሉ።

ጦርነቱ መጣ። የሂትለር ከፍተኛ አዛዦች የሚላላኩበት ሎሬንዝ የሚባል ምስጢር ጻፊ ማሽን ነበር፤ ብዙ ሰው ከሚያውቀው ኢኒግማ የረቀቀ ነው። ብሌችሊ ፓርክ የተሰበሰቡት እንግሊዛውያን የአሠራሩን መንገድ ደርሰውበታል፣ ግን በእጅ ስሌት ሳምንታት ይፈጃል። ማክስ ኒውማን የተባለው የካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ ሥራውን በማሽን ማድረግ ፈለገና አንድ ተሠራለት። ሁለት የተበሳሱ ረጃጅም ወረቀቶች በፍጥነት እኩል እንዲሮጡ ይጠይቃል፤ ወረቀቶቹ ይበጠሳሉ፣ እኩል መሆናቸውም ይፋለሳል። ፍላወርስን እርዳን ብለው ጠሩት። እሱም አንደኛውን ወረቀት ጨርሶ አስወግደን ሥራውን በቫልቭ እናድርገው አለ። ስንት ቫልቭ ቢሉት ከሺህ በላይ!

ሳቁበት ማለት ይቀላል። ቫልቭ እንደማያስተማምን ሁሉም ያውቃል። ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ቫልቭ ተቃጥሎበት ያውቃል። አንዱ ማሽን ላይ ሺህ ቢኖር በየደቂቃው አንዱ እየጠፋ መቼ ሊሠራ ነው? ሒሳባቸው ልክ ነበር፤ የተነሡበት ግን ማታ የሚከፈትና የሚዘጋ የቤት ሬዲዮ ነው። ፍላወርስ የሚያስበው የማይጠፋ ስልክ ነው። አትንኩት፣ አታጥፉት፣ ይሠራል አላቸው። አላመኑትም። ሥራው ቢሞከር እንኳ ጦርነቱ ሳያልቅ አይደርስም ብለው በነበረው ማሽን ቀጠሉ።

ዶሊስ ሂል ተመለሰና አለቃውን ይዞ፣ ከኪሱም ገንዘብ እየጨመረ ሥራውን ጀመረ። በ1943 እሱና ባልደረቦቹ እንቅልፍ አጥተው በ11 ወር ገደማ ጨረሱት። በጥር 1944 በጭነት መኪና ብሌችሊ ፓርክ ደረሰ። 1,600 ያህል ቫልቭ ነበረው፤ በሴኮንድ 5,000 ፊደል ያነባል። ከትልቅነቱ የተነሣ ኮሎሰስ፣ ግዙፍ ሐውልት እንደማለት፣ ተባለ። ሠራ። አብርተውት አላጠፉትም። በዚህ ጊዜ እነዚያው ያላመኑት ሰዎች ሌላ፣ አሁኑኑ፣ እስከ ሰኔ አሉት። ሁለተኛው 2,400 ቫልቭ ያለው ሆኖ ሰኔ 1 ቀን 1944 ሥራ ጀመረ። የኖርማንዲ ወረራ ሰኔ 6 ነው። አምስት ቀን! ጦርነቱ ሲያልቅ 10 ኮሎሰስ ይሠራ ነበር፤ የሂትለርና የጄኔራሎቹ መልእክት በየቀኑ ይነበባል። ያ ሁሉ የተገነባው «አትጥፋ እንጂ አትቃጠልም» በሚል የስልክ ሠራተኛ ልምድ ላይ ነው።

አሜሪካም በራሷ መንገድ እዚያው ደረሰች። በየካቲት 1946 ፔንሲልቬንያ ላይ ለጋዜጠኞች የታየው ኢኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር 17,468 ቲዩብ ነበረው። ሠሪዎቹ ቲዩቦቹን ከአቅማቸው በታች ያሠሯቸዋል፤ የሚቃጠሉት በብዛት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መሆኑን ሲያዩም ማሽኑን አለማጥፋትን ለመዱ። ጋዜጦች ስለ ኢኒያክ ጻፉ፣ መማሪያ መጻሕፍት የዓለም የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክስ ኮምፒዩተር አሉት።

ፍላወርስ ይህን ዝም ብሎ አነበበ። ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ኮሎሰሶች ፈራረሱ፤ ንድፎቹን እንዲያጠፋ ታዘዘና ዶሊስ ሂል ባለው ምድጃ ውስጥ በገዛ እጁ አቃጠላቸው። ምስጢሩ እስከ 1970ዎቹ ድረስ አልወጣም፤ ሰውየው የሠራውን ለማንም ሳይናገር ነው የኖረው። መንግሥት 1,000 ፓውንድ ሰጠው፤ ከኪሱ ያወጣውን እንኳ አይሸፍንም፣ ያንንም ከሠራተኞቹ ጋር ተካፈለው። እንደ ኮሎሰስ ያለ ሌላ ማሽን ለመሥራት አስቦም ከእንግሊዝ ባንክ ብድር ጠየቀ። ባንኩ እንዲህ ያለ ማሽን ሊሠራ አይችልም ብሎ ከለከለው። ሠርቼ አስረክቤያለሁ፣ ሌትና ቀን ሲሠራም አይቻለሁ ብሎ ሊመልስላቸው አልቻለም፤ ሕጉ አፉን ይዞታል።

ቲዩብ ያለው የአያት ሬዲዮ ቤት ውስጥ ያላችሁ ፎቶውን ከታች ለጥፉልኝ፤ ስንት ቲዩብ እንዳለውና የብሯ ቀለም ምን እንደሚመስል ጻፉ። ለዓመታት ያልተከፈተ ከሆነ ግን እኔን ሳትጠይቁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት።